ማጨብጨቢያው የት ነው?

ቮንግ ኮ የሚባለውን ዘፈን የሚያዳምጥ የደቡብ ቬትናም ሰው ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቃት አንዲት ቅጽበት አለች። ዘፋኟ መጀመሪያ ያለ ምት ትገባለች፤ እንደ ንግግርም እንደ ዜማም አድርጋ ቃላቱን ትደረድራለች። ትንፋሽ ሳትወስድ ትቀጥላለች፣ ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ አጃቢዎቹ እጃቸውን ክር ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ። መጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፁ ተንሸራቶ ይወርድና ማረፊያው ኖታ ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ጊታሩ ይገባል፤ በእግር የምትመታው ትንሽዬ የእንጨት ማንኳኳያ አንዴ ቋ ትላለች፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ዘፈኑ ገና መጀመሩ ነው፣ አድማጩ ግን የመጣበትን አግኝቷል። የመጣው አወራረዷን ሊሰማ ነበርና።

ይኸው ዘፈን ፓሪስ ውስጥ ለፈረንሳዮች ሲዘፈን እዚያ ቦታ ላይ የሚያጨበጭብ የለም። ፈረንሳዮቹ ጨዋ አድማጮች ናቸው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ዘፋኟ ግን አንድ ነገር ይጎድልባታል።

አገሩን ለቆ የወጣ የባህል ዘፋኝ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የቬትናሞቹን ታሪክ ያህል የተሟላ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም። ብዙ ናቸው፣ በብዙ አገር ተበትነዋል፣ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ከወደቀች ወዲህ ደግሞ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የነገሩን አብዛኛውን ግን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ሁ ፉኦክ ይባላል፤ በ1950ዎቹና 60ዎቹ በደቡቡ መድረክ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራ የካይ ሉኦንግ ዘፋኝ ነበር። ካይ ሉኦንግ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ የተወለደ ዘፈናዊ ቴያትር ነው፤ ቮንግ ኮ ደግሞ የዚህ ቴያትር ልብ ነው። የሁ ፉኦክ ልጅ ሁኦንግ ላን በ1956 ሳይጎን ተወለደች፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት መድረክ ላይ ነበረች። እህቷ ሁኦንግ ታን በ1960 ተወለደች፤ እሷም በአስር ዓመቷ ያንኑ ጥበብ መማር ጀመረች። ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ሳይጎን በኮሚኒስቱ በሰሜን ቬትናም ጦር እጅ ገባች። ታናሽቱ በ1977፣ ታላቂቱ በ1978 ፈረንሳይ ደረሱ።

አንድ አባት፣ አንድ ትምህርት፣ አንድ የስደት አገር። ዛሬ ታላቂቱን በዓለም ያለ ቬትናማዊ ሁሉ ያውቃታል፤ ሌላው ሕዝብ ስሟን ሰምቶ አያውቅም። ታናሽቱን የአውሮፓ የጃዝ ወዳጆች ያውቋታል፤ ከሳይጎን የመጣች የኑድል ቤት ባለቤት ግን የማን እህት እንደሆነች ካልነገሯት ላትለያት ትችላለች። ይህን ልዩነት ተሰጥኦ አላመጣውም፤ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። እንደ እኔ ግምት ዘፈንን የሚለውጠው ስደት አይደለም፤ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ነው።

ወደ ዘፋኞቹ ከመመለሳችን በፊት ግን ከአገር ይዘውት የወጡት ነገር ምን እንደነበር ማየት ይበጃል። ቬትናሞች ዛን ካ የሚሉት የሕዝብ ዘፈን አንድ ወጥ አይደለም። በሰሜን፣ በባክ ኒን አካባቢ፣ ኳን ሆ አለ፦ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ሆነው ያለ መሣሪያ በቅብብል የሚዘፍኑት የፍቅር ዘፈን፤ ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። በመካከለኛው ክፍል የሁዌ ዘፈን አለ፤ የቤተ መንግሥት ከተማ ሐዘን የተጫነው። በደቡብ ደግሞ የጀልባ ቀዛፊዎች ዜማ፣ አጫጭር የመንደር ዘፈኖች፣ ከዚያም ቮንግ ኮ። የሚገርመው ቮንግ ኮ ባለቤቱ የሚታወቅ ዘፈን መሆኑ ነው። የባክ ሊዩው ሙዚቀኛ ካኦ ቫን ላው በ1919 ገደማ በሌሊት ከበሮ ስትሰማ ባሏ የሚናፍቃትን ሴት ዜማ ደረሰ። ሌሎች እየተቀበሉ የእያንዳንዱን ስንኝ ምት እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያደረጉ አራዘሙት፤ ሁለት የነበረው ሠላሳ ሁለት ደረሰ። በተራዘመው ቦታ ላይ ዘፋኙ እንደ ችሎታው ይፈስበታል። ስለዚህ «ባህላዊ» የሚባለው ይህ ዘፈን ከብዙዎቹ አያቶቻችን በዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

እኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እንደምንል እነሱም ባክ እና ናም የሚሏቸው ሁለት የቅኝት ቤተሰቦች አሏቸው። ባክ ለደስታና ለወግ፣ ናም ለእርጋታና ለሐዘን ነው፤ በውስጣቸውም የሐዘኑ ደረጃ እየተመነዘረ ይሄዳል። አምስት ድምፅ መሆናቸው ከእኛ ጋር ያዛምዳቸዋል። የቬትናሙ ዜማ ግን ከእኛ የማይጋራው አንድ ግዴታ አለበት። ቋንቋቸው በድምፅ አወጣጥ ይፈታል፦ «ማ» የምትለዋን ቃል በስድስት ዓይነት ቃና ብትላት መንፈስ፣ እናት፣ ግን፣ መቃብር፣ ፈረስ፣ የሩዝ ችግኝ ትሆናለች። ዜማው ሽቅብ ሲሄድ ቃሉ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ እናትን መቃብር ማድረግ ይመጣል። ስለዚህ ዘፋኙ ዜማውን ከቃሉ ቃና ጋር እያስታረቀ፣ ኖታውን እያጎበጠና እያንቀጠቀጠ ይሄዳል። መሣሪያዎቹም ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ዳን ባው እንደ ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው ነው፤ በቀስት ፈንታ ግን በእንጨት ይጠነቆላል፣ ዳር ላይ የቆመችዋን ተጣጣፊ ዘንግ በመግፋትና በመሳብ ድምፁ ይጎብጣል።

ጊታሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የደቡብ ሙዚቀኞች የፈረንጁን ጊታር ሲያገኙ አንድ ጉድለት አዩበት፦ ድምፁ ግትር ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ፣ በብረቶቹ መካከል ያለውን እንጨት ቦርቡረው እንደ ትንሽ ገንዳ አጎደጎዱት። አሁን ጣት ክሩን ወደ ጎድጓዳው ሲጫን ድምፁ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። ከፈረንሳይ የመጣ መሣሪያ ቬትናምኛ እንዲናገር ተደረገ። ሳይጎን የወደቀች ጊዜ ይህ ጊታር የካይ ሉኦንግ ዋና አጃቢ ከሆነ ቆይቷል፤ የተሰደዱትም ተከትሏቸው ወጥቷል።

በ1975 እና በ1995 መካከል በጀልባ ወጥተው ሌላ አገር የደረሱት ብቻ ወደ 800 ሺህ ይጠጋሉ። እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ገበያ ሆኑ። ሳይጎን ውስጥ ቱይ ንጋ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ የነበረው ቶ ቫን ላይ በ1983 ፓሪስ ውስጥ የመድረክ ዝግጅት በቪዲዮ ቀርጾ «ፓሪስ ባይ ናይት» ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ሥራው ወደ ካሊፎርኒያ ዞረ፤ በዌስትሚኒስተርና አካባቢዋ «ትንሿ ሳይጎን» የሚባለው ሰፈር የስደተኛው ሙዚቃ ፋብሪካ ሆነ። ካሴቱ በየሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩ ከዓሣ መረቅና ከሩዝ ጎን ይሸጥ ነበር። ወደ ቬትናምም በድብቅ ገብቶ ይባዛል፤ ከ1975 በፊት የነበሩት የደቡብ የፍቅር ዘፈኖች «ቢጫ ሙዚቃ» ተብለው ታግደው ስለነበር ያገሩ ሰው የራሱን ዘፈን ከስደተኛ ካሴት ይሰማ ጀመር።

ሁኦንግ ላን የዚህ ገበያ ንግሥት ሆነች። ጣፋጭና የማይቸኩል የደቡብ ድምፅ አላት። የምትዘፍነው ስለ ወንዝ፣ ስለ ሩዝ ማሳ፣ ስለ ቀርከሃ ድልድይ፣ ስለ እናት ነው፤ አንዳንዱ የሕዝብ ዘፈን፣ አንዳንዱ ደራሲ ያለው «የአገር ቤት ዘፈን»፣ የቀረው ደግሞ ዘመናዊ ዘፈንን ከቮንግ ኮ ጋር የሚያጋባው ቅልቅል ዓይነት ነው። ይህ የመጨረሻው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሳይጎን የተወደደ ነው፤ ለስደተኛ ደግሞ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፦ በዘመናዊው ዜማ ይጀምራል፣ ሆድ ሲብሰው ወደ ቮንግ ኮ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ አዳራሽ ማጨብጨቢያውን የማያውቅ የለም። ድምፁ ገና ሲወርድ ያጨበጭቡታል።

ይህ ገበያ አሳምሮ ይከፍላል፤ አያፍርበትም። የጨረቃ አዲስ ዓመት ሲደርስ፣ ሠርግ ሲኖር፣ ቤተ መቅደስ ገንዘብ ሲያሰባስብ ዘፋኝ ይጠራል። ከሁሉ በላይ የሚከፍሉት ግን የአሜሪካ ካዚኖዎች ናቸው፤ የእስያ ደንበኛ ለመሳብ ቬትናማዊ ዘፋኝ አስመጥተው አዳራሽ ይሞላሉ። ስለ ሩዝ ማሳና ስለ ድሃ እናት የሚዘፈነው ከቁማር ማሽኖቹ ግድግዳ ወዲያ ነው። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ዘፋኝም የቤት ኪራይ አለበት።

የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ በቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች ያለውን ኤደን ሴንተር ያውቀዋል፤ ከቤይሊስ ክሮስሮድስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን የሚውለበለበው ቢጫ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው ባንዲራ ዛሬ በዓለም ካርታ ላይ የሌለ አገር፣ የደቡብ ቬትናም፣ ባንዲራ ነው። አድማጩ ልቡ የቀረው እዚያ አገር ውስጥ ነው፤ ዘፋኙም እዚያው እንዲቀር ይፈልጋል። በ1999 ዌስትሚኒስተር ውስጥ አንድ የቪዲዮ መደብር ባለቤት የኮሚኒስቶቹን መሪ የሆ ቺ ሚንን ምስል ሰቀለ ተብሎ ሕዝቡ ከ50 ቀን በላይ ደጃፉ ላይ ተቃውሞ ቆሟል። በዚህ መሐል ሃኖይ ሄዶ የዘፈነ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። ይህ ሁሉ እያለ ሁኦንግ ላን በ1990ዎቹ አጋማሽ አገር ቤት ተመልሰው ከዘፈኑት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ግን ደግሞ የሜኮንግን ወንዝ የሚዘፍን ሰው ወንዙ ዳር ካልሄደ ምን ሊዘፍን ነው?

ታናሽቱ ሌላ በር አንኳኳች። ንዌን ሌ በ1959 ፓሪስ የተወለደ፣ ወላጆቹ ቬትናማውያን የሆኑ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነው። የአባቶቹን ዜማ ሊፈልግ ሲነሳ ድምፅ አስፈለገው፤ ሁኦንግ ታን ያ ድምፅ ሆነች። በ1996 «የቬትናም ተረቶች» የሚለው አልበም ወጣ። ከሦስቱም ክፍሎች የተሰበሰቡ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው፤ ከእሷ ጎን የቬትናም ዋሽንትና ክር፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የጣሊያኑ የፓኦሎ ፍሬሱ ትራምፔት አሉ። አውሮፓ በደስታ ተቀበለው። በ1999 «ጨረቃና ነፋስ» ተከተለ፤ ከዚያም ሌሎች።

ሁለቱን እህትማማቾች ተራ በተራ ሳዳምጥ የሚታየኝ ልዩነት ይህ ነው። ሁኦንግ ላን ቃሉን ትናገራለች፤ ለሚገባው ሰው ነው የምትዘፍነው፣ ታሪኩ ነው የሚያስለቅሰው። ሁኦንግ ታን ደግሞ ድምፁን ታሳያለች። አድማጯ ቃሉን ስለማይሰማው የድምፁ መጉበጥና መንቀጥቀጥ ራሱ ጉዳዩ ሆነ፤ ስለዚህ አዘገየችው፣ አየር ሰጠችው፣ አንዲቷን ኖታ እንደ ዕንቁ እያዞረች አስመለከተችበት። የፌስቲቫሉ አድማጭ ለፖለቲካው ደንታ የለውም፤ የትኛው ባንዲራ እንደሚሰቀል አይጠይቃትም። ይህ ነጻነት ነው። በአንጻሩ የደቡብ ልጅ የሰሜኑንና የሁዌንም አዘፋፈን እንድታቀርብ ግድ ይሆንባታል፤ ለአውሮፓ ታዳሚ እሷ መላ ቬትናም ናትና። አንዳንዱ ቬትናማዊ «ይሄ የእኛ ዘፈን አይደለም» ይላል። እውነቱን ለመናገር በአንዳንዱ ቅንብር ጊታሩ በዝቶ ድምፁን ሲጋርድባት እኔም ቅር ይለኛል። ግን ወዲያው ደግሞ አባቷ ይመታለት የነበረውን ያን የተቦረቦረ ጊታር አስበዋለሁ፤ እሱም በጊዜው የፈረንጅ ዕቃ ነበር።

ሦስተኛው በር ዩኒቨርሲቲ ነው። ትራን ቫን ኬ በ1921 በሜኮንግ አካባቢ ከአራት ትውልድ ሙዚቀኞች ቤት ተወለዱ። በ1949 ፓሪስ ሄዱ፤ በ1958 በሶርቦን ስለ አገራቸው ሙዚቃ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ፈረንጅ የቬትናምን ዜማ የቻይና ቅጂ አድርጎ በሚያይበት ዘመን ቆመው እየመቱ፣ እየዘፈኑ፣ እየጻፉ የራሱ ሕግ እንዳለው አስረዱ። በዩኔስኮ ለተዘጋጁት የድምፅ ቅጂዎችም ብዙ ደክመዋል። በመጨረሻ መጻሕፍታቸውንና ካሴቶቻቸውን ጭነው አገራቸው ገቡ፤ በ2015 ሆ ቺ ሚን ከተማ በተባለችው በቀድሞዋ ሳይጎን አረፉ። ልጃቸው ትራን ኳንግ ሃይም የአባቱን መንገድ ያዘ። የፈረንሳይ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ተመራማሪ ነበር፤ በጉሮሮ ሁለት ድምፅ በአንዴ ማውጣትን ያጠና፣ ደግሞም የወጥ ማንኪያ ይዞ መድረክ ላይ ሰው የሚያስፈነድቅ። በ2021 አረፈ።

የሚስቱ የባክ ዬን ታሪክ ግን የዚህን ሁሉ ዳሰሳ ውል የሚያጠብቅ ነው። በ1942 ሶክ ትራንግ ተወለደች። በልጅነቷ በሞተር ሳይክል ግድግዳ ላይ በመንዳት ትርኢት ታሳይ ነበር። በ1957 «የክረምት ሌሊት» በሚለው ዘፈን ታወቀች። ፓሪስ ሄዳ ዘመናዊ ዘፈን ቀዳች፤ በ1965 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ላይ ቀርባ ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል በአሜሪካ እየዞረች በብዙ ቋንቋ የፈረንጅ ዘፈን ስትዘፍን ቆየች። በ1978 ፓሪስ ውስጥ ትራን ኳንግ ሃይን አገባች። የአገሯን ባህላዊ ዘፈን በዋና ሥራነት የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው! አርባዋ ሊሞላ ምን ቀራት፣ ከአገሯ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃለች። ባልና ሚስት በየአገሩ ዞሩ፤ በ1983 አልበማቸው የፈረንሳዩን የሻርል ክሮ አካዳሚ ታላቅ ሽልማት አገኘ። ስደት ባህል ያስረሳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ሳይጎን ውስጥ ለባክ ዬን የሚከፈላት የፈረንጅ ዘፈን ብትዘፍን ነበር፤ ፓሪስ የከፈላት የመንደር ዘፈን ስትዘፍን ነው።

በአሜሪካም ንዌን ቱዬት ፎንግ የሚባለው ዘፋኝና ተመራማሪ በዩኒቨርሲቲ እያስተማረ የስደተኛውን ማኅበረሰብ እየዞረ ዘፍኗል፤ በ1997 የአገሪቱን የባህል ቅርስ ባለሙያዎች የክብር ሽልማት ተቀብሏል።

አንዳንዱ አንባቢ ካን ሊን ለምን ረሳህ ይለኛል። አልረሳኋትም፤ የሕዝብ ዘፈን ዘፋኝ አይደለችም። በ1960ዎቹ ሳይጎን ውስጥ ባዶ እግሯን ቆማ የዘፈን ደራሲውን የትሪን ኮንግ ሶንን የጦርነትና የፍቅር ዘፈኖች በጊታር የዘፈነች ናት፤ ፈረንጅ ይህንንም «ፎክ» ስለሚለው ይምታታል። የእሷ መንገድ ግን ስለ መመለስ ያስተምራል። በ1975 ወጣች፤ ሃኖይ ላይ ኮንሰርት ያቀረበችው በ2014 ነው። በ2022 ዳ ላት ላይ ጦርነቱን የወንድማማቾች ጦርነት ብሎ የሚጠራ ያልተፈቀደ ዘፈን ስትዘፍን ጉዳዩ ባለሥልጣናቱ ዘንድ ደረሰ። የሕዝብ ዜማ እያነሳ ትልልቅ ድርሰት ይሠራ የነበረው ፋም ዱዊም በ1975 ተሰዶ፣ ካሊፎርኒያ ኖሮ በ2005፣ በ83 ዓመቱ፣ ለመኖር ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ታግደው ከቆዩት በመቶ ከሚቆጠሩ ዘፈኖቹ መጀመሪያ የተፈቀዱለት ጥቂት ነበሩ፤ ሌሎቹ እየተቆጠሩ ተለቀቁ። በ2013 ሲሞት ገና ያልተለቀቁ ነበሩ። እሱ ከመመለሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2004፣ የሃኖይ መንግሥት በውጭ ያሉት የሕዝቡ አካል ናቸው የሚል ውሳኔ አውጥቶ ነበር። የሩዝ ማሳ ዘፈን ግን ፈቃድ ሰጪን ብዙ አያስጨንቅም። ሁኦንግ ላን ከሌሎቹ ቀድማ መግባት የቻለችው በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ሌላም ስደት አለ፦ በ1980ዎቹ በውል ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የሄዱት ሠራተኞች። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ በምሥራቅ ጀርመን ብቻ 60 ሺህ ያህል ነበሩ። ብዙዎቹ ከሰሜን ስለመጡ ናፍቆታቸው ኳን ሆ ነው፤ ከኤምባሲያቸውም ጋር ጠብ የላቸውም። ሁለቱ ስደቶች እስከ ቅርብ ጊዜ አንዱ የሌላውን ዘፈን ብዙም አይሰማም ነበር። ሃኖይ ተወልዳ በ2001 ካሊፎርኒያ የገባችው ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቿ ቮ ቫን አን፣ በጀልባ ስለተሰደዱት ደቡቦች ለተሠራ ዶክመንተሪ ሙዚቃ ሠርታ የኤሚ ሽልማት ስታገኝ ያ ግድግዳ ትንሽ ተሸነቆረ።

የቀረው ችግር የልጆቹ ነው። ካሊፎርኒያ ወይም ፓሪስ የተወለደ ልጅ ዜማውን በሳምንት ሊያጠናው ይችላል። ቃናው ግን አፉ ላይ የለም፤ «እናቴ» ሲል ከመቃብር ጋር ይምታታበታል። መምህሩ ቮንግ ኮ ሲያስጀምረው ከዘፈኑ በፊት ቋንቋውን ማስተማር ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል፣ ማንም አይከፍልበትም። ካዚኖውም ፌስቲቫሉም ያደገ ዘፋኝ ነው የሚፈልጉት፣ የሚያሳድግ የለም። እህትማማቾቹን ያሳደገው ማታ ማታ የሚሠራ የቴያትር ቡድንና አባታቸው ነበሩ።

ጊዜ ያለው አንባቢ ሦስቱን በተከታታይ እንዲያዳምጥ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም በዩቲዩብ ይገኛሉ። ከአባትየው ይጀምር፤ ሁ ፉኦክ ከ1975 በፊት የቀዳውን አንድ ቮንግ ኮ። ቀጥሎ ሁኦንግ ላንን፣ መጨረሻ ሁኦንግ ታንን። ቃሉ ባይገባውም ግድ የለም። ድምፁ ተንሸራቶ ሲወርድ ከሰማ፣ ማጨብጨቢያው እዚያ ነው።